ሞተር ሲተነፍስ፦ በመተንፈሻ ቱቦ ስለሚወጣ ዘይትና ውሃ

ሠልጣኝ፦ የሞተር ብስክሌት መተንፈሻ የሚባለው የትኛው ክፍል ነው፣ መምህር?

መምህር፦ ከሞተሩ ሆድ ተነስቶ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን የሚሄደው የጎማ ቱቦ ነው። ጋራዥ ውስጥ ብዙዎች ብሪዘር ይሉታል። አንዱ ጫፉ ከፒስቶኑ በታች ካለው ክፍት ቦታ፣ ካርተር ከሚባለው፣ ወይም ከላይ ከቴስታታው ክዳን ጋር ይገናኛል። በውስጡ የሚያልፈው አየር ብቻ አይደለም፤ የቃጠሎ ጋዝ፣ ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነት፣ የዘይት ጭጋግና የውሃ እንፋሎት አብረው ያልፋሉ። ነጂዎችን የሚያሳስቧቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ሲቀላቀሉም ማኪያቶ የሚመስል ወፍራም አረፋ ይሠራሉ።

ሠልጣኝ፦ ቃጠሎው ከፒስቶኑ በላይ ነው፤ ዘይቱ ከፒስቶኑ በታች። ጋዙ እንዴት ወደ ታች ይወርዳል?

መምህር፦ ሁለቱን የሚለያቸው በፒስቶኑ ዙሪያ የገቡት ቀለበቶች፣ ፋሻ የሚባሉት ናቸው። ፋሻ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይገፋፉ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ይተውለታል። ቤንዚንና አየሩ ሲነድ ግፊቱ ከፍተኛ ነውና ጥቂት ጋዝ በዚያ ክፍተትና በፋሻው ዙሪያ ሾልኮ ይወርዳል። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሞተርም ያሾልካል፤ ያረጀው የሚለየው በመጠኑ ነው። የሾለከው ጋዝ መውጫ ካላገኘ ካርተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ግፊት ይፈጥራል።

ሌላው ምክንያት የፒስቶኑ መውጣትና መውረድ ነው። 150 ሲ.ሲ. ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ቦታ በ150 ሲ.ሲ. ይጠብባል፤ ሲወጣ በዚያው ልክ ይሰፋል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል። 150ን በ100 ማባዛት ነው፤ በየሰከንዱ 15 ሊትር የሚያህል ቦታ ይጠብባል፣ መልሶም ይሰፋል። በመተንፈሻው አፍ ላይ እጅ ሲደረግ የሚሰማው ምት ይኸው ነው፤ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ሠልጣኝ፦ ባለ ብዙ ሲሊንደሮቹም እንዲሁ ናቸው?

መምህር፦ እንደ ፒስቶኖቹ አሰላለፍ ይለያያል። አራት ሲሊንደር በረድፍ ባለው ሞተር ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይወጣሉ፤ አየሩ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሥር ይሸሻል እንጂ ጠቅላላው ቦታ ብዙም አይለወጥም። የሃርሊ ዴቪድሰን ሁለት ሲሊንደሮች ግን በመካከላቸው 45 ዲግሪ ብቻ ስላለና ሁለቱም ፒስቶኖች አንድ ዘንግ ስለሚጋሩ ተከታትለው ይወርዳሉ። ቢኤምደብሊው ከ1923 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቅበት፣ ቦክሰር በሚባለው፣ ግራና ቀኝ በተዘረጋ ሞተርም ሁለቱ ፒስቶኖች በአንድ ጊዜ ወደ መሐል ይገባሉ። እነዚህ በኃይል ከሚተነፍሱት ወገን ናቸው። በኢትዮጵያ መንገዶች የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር ስሙ ቢመሳሰልም አሠራሩ ሌላ ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በተለይ እሱንና መሰሎቹን፣ በአየር የሚቀዘቅዙትን ትንንሽ ሞተሮች፣ የሚመለከት ነው።

ሠልጣኝ፦ ጋዝ መውጣቱ ግልጽ ነው። ዘይት ግን ከባድ ፈሳሽ ነው፤ ምን ወደ ላይ አወጣው?

መምህር፦ ዘይቱ እንደ ፈሳሽ አይወጣም፤ እንደ ጭጋግ ነው የሚወጣው። የፒስቶኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙረት የሚለውጠው ዘንግ፣ እንዲሁም በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ያንኑ ዘይት የሚጋሩት የካምቢዮ ማርሾችና የፍሪሲዮን ሸክላዎች፣ በዘይት ውስጥና በዘይት መካከል በፍጥነት ይሽከረከራሉ። ዘይቱ ይረጫል፤ ይበተናል፤ ከፊሉ አየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ይደቅቃል። አየሩ ወደ መተንፈሻው ሲሮጥ ይህን ጭጋግ ይዞ ይሄዳል።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከቱቦው በፊት መለያ ክፍል ያበጃሉ። አየሩ እንዲጠማዘዝ የሚያደርጉ ግድግዳዎች አሉት፤ አየር ቀላል ስለሆነ ይታጠፋል፤ የዘይት ጠብታ ከባድ ስለሆነ ግድግዳውን መትቶ ይለጠፋል፤ ከዚያም በትንሽ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ አየር እንዲወጣ ብቻ የሚፈቅድ ቫልቭ ይጨመራል። በሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ላይ የሚታወቀው የዳክዬ አፍ የመሰለ ጎማ ነው፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ይከፈታል፤ ሲወጣ ከንፈሩ ይገጥማል። በዚህ ምክንያት በካርተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ዘይትም በጓርኒሲዮኖቹ በኩል እንዳያነባ ይረዳል። ይህ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ አየሩ እንደልቡ ስለሚገባና ስለሚወጣ የዘይቱ ፍሰት ይጨምራል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ጎማ ሳይታይ ሞተር የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

ሠልጣኝ፦ ከቱቦው ምን ያህል ዘይት ቢወጣ ነው የሚያሳስበው?

መምህር፦ የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ በስሱ መወዛት አለበት፤ ፍጹም ደረቅ ከሆነ እንዲያውም ተደፍኖ ይሆናል ተብሎ ይመረመራል። በአየር ሳጥኑ ታች ጥቂት ጠብታ መገኘቱም የተለመደ ነው። ማጣሪያው በዘይት ሲረጥብ፣ ከሳጥኑ ሥር ሲንጠባጠብ፣ ወይም የሞተሩ የዘይት ልክ በየሳምንቱ ሲቀንስ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

በመጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ መጠን ነው። ያለ አግባብ ዘይት ከሚተፉ ሞተሮች ብዙዎቹ ሌላ ችግር የለባቸውም፤ ከልክ በላይ ተሞልተዋል። ትንንሾቹ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጨመር አንድ ስኒ ዘይት በመቶኛ ሲሰላ ብዙ ነው። ልኩ ከፍ ሲል የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን ይመታዋል፤ ያስነሳው አረፋም በመተንፈሻው ይወጣል።

አለካኩም ያሳስታል። ሞተር ብስክሌቱ በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ ከተለካ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ የሚታየው ልክ ሐሰት ነው። በተስተካከለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፤ ከላይ ያለው ዘይት እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይለካል። የመለኪያ ዘንጉ ጥርስ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ተጠምዝዞ ገብቶ ነው የሚነበበው ወይስ ቀዳዳው ላይ ተቀምጦ ብቻ? አምራቾቹ በዚህ አንድ አይደሉም። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ሳይጠመዘዝ ይነበባል። ሳይጠመዘዝ የሚነበበውን ጠምዝዞ የለካ ሰው ዘንጉ ጠልቆ ስለሚገባ ዘይቱ የበዛ ይመስለዋል፤ በተቃራኒው ያደረገ ደግሞ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። መልሱ ያለው በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር ለዚያው ዓይነት ሞተር የተዘጋጀ ሌላ ቅጂ ማፈላለግ ይሻላል እንጂ በግምት መሥራት አይገባም።

ሠልጣኝ፦ ልኩ ትክክል ሆኖ ዘይት መትፋቱ ከቀጠለስ?

መምህር፦ ቫልቩና መለያ ክፍሉ ይታያሉ፤ የመለያ ክፍሉ መመለሻ ቀዳዳ በዝቃጭ ከተዘጋ ዘይቱ ወደ ሞተሩ መመለስ ትቶ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው ፋሻና ሲሊንደር የሚጠረጠሩት። ያረጀ ፋሻ ብቻውን አይታይም፤ ጓደኞች አሉት፦ ከማርሚታው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት የጠጣ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ የደከመ ጉልበት፣ በተሞላበት ቀዳዳ በኩል እየተገፋ የሚወጣ ጭስ። የሲሊንደሩ የአየር ግፊት በመለኪያ ይለካል፤ አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ንባብ በጉልህ ከጨመረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው፤ ያልጨመረ እንደሆነ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ይዞራል።

ሠልጣኝ፦ አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የውሃ ማቀዝቀዣ የለውም። ውሃው ከየት ይመጣል?

መምህር፦ ከቤንዚኑ ነው የሚመጣው። ቤንዚን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው፤ ሲነድ ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። መጠኑ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ያስደንቃል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። በብርድ ማለዳ ከማርሚታ ጫፍ የሚንጠባጠበው ይኸው ውሃ ነው። አብዛኛው በእንፋሎትነት በማርሚታው ይወጣል። ጥቂቱ ግን ከሾለከው ጋዝ ጋር ወደ ካርተሩ ይወርዳል። በዚህ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በመተንፈሻው የውጭ አየር ይስባል፤ በክረምት የሚስበው አየር እርጥብ ነው።

እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። እንጀራ ሲጋገር አክምባሎው ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው ላብ ማለት ነው። ምጣዱ ላይ ያለው እርጥበት ተነነ፤ ክዳኑ ከምጣዱ ይቀዘቅዛልና እዚያ ተጠራቀመ። በሞተር ውስጥ የአክምባሎውን ቦታ የሚይዙት የዘይት መሙያው ክዳን፣ የቴስታታው ክዳንና መተንፈሻ ቱቦው ናቸው፤ ንፋስ ስለሚመታቸው ከሁሉም ይቀዘቅዛሉ። ውሃው እዚያ ከዘይት ጭጋግ ጋር ይገናኛል፤ ምቱ ሁለቱን ይደባልቃቸዋል፤ ነጣ ያለ ቢጫ አረፋ ይለጠፋል።

ሠልጣኝ፦ ታዲያ ሞተር ሁሉ ውሃ የሚሠራ ከሆነ፣ በሁሉም ላይ ይህ አረፋ የማይታየው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ልዩነቱ ሙቀት ነው፤ የጉዳዩ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ በደንብ ከሞቀና ሙቀቱ ከቆየ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ተመልሶ ይተንናል፤ መተንፈሻውም ያወጣዋል። ውሃ ለመትነን የግድ መፍላት የለበትም፤ ነገር ግን ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ትነቱ ይፈጥናል፤ ውሃ ወደሚፈላበት ሲጠጋ ደግሞ ይበልጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2355 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ በኩል ደጋው ለሞተሩ ትንሽ ያግዘዋል። በሌላ በኩል ግን የደጋው ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተሩ የሚነሳው ከዝቅተኛ ሙቀት ነው።

መንገዱ አጭር ከሆነ ሞተሩ ውሃ የሚሠራበትን ጊዜ ይጨርሳል፤ ውሃ ወደሚያስወጣበት ግን አይደርስም። ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይጠፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ዕቃ የሚያደርስ ሞተር ብዙ ኪሎ ሜትር ቢሄድም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ስለሚነሳ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚጎዳው ጠዋት ሥራ ቦታ፣ ማታ ቤት ብቻ የሚሄደው፣ በቀን አራት ኪሎ ሜትር የማይሞላው ነው። ነጂው «ሞተሬን አልጎዳሁትም፤ ብዙም አልነዳው» ይላል፤ ዘይቱ ግን በየቀኑ ውሃ ይጠጣል።

ሠልጣኝ፦ ብዙ ሰው የማይነዳውን ሞተር ብስክሌት በየሁለት ሦስት ቀኑ አስነስቶ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ያቆየዋል። ይህ አይጠቅምም?

መምህር፦ ለባትሪው እንኳ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ ለዘይቱ ደግሞ ይጎዳዋል። ቆሞ በዝግታ የሚዞር ሞተር ትንሽ ሙቀት ይሰጣል፤ በብርድ ሲነሳ ደግሞ ከልክ ያለፈ ቤንዚን ይቀበላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ከዘይቱ ጋር የሚቀላቀለው ውሃ ይጨምራል፤ ሁለቱንም የሚያስወጣ ሙቀት ግን አይመጣም። ዘይቱ ሳይጨመርበት ልኩ ከፍ ብሎ ከተገኘና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የካርቡራተሩ መርፌ አልዘጋም። የማይነዳ ሞተር ጸጥ ብሎ ቢቆም ይሻላል። የሚነሳ ከሆነ ግን ይነዳ፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ፣ መካከለኛ ፍጥነት፣ ቢቻል ትንሽ ዳገት ያለበት መንገድ። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም።

ሠልጣኝ፦ በዘይት ውስጥ ጥቂት ውሃ ቢኖር ምን ያጠፋል?

መምህር፦ ውሃ ሸክም አይችልም። ዘይት በሁለት ብረቶች መካከል ቀጭን ንጣፍ ሆኖ ጫናውን ይሸከማል፤ ውሃ የገባበት ንጣፍ ይሳሳል፤ ኩሽኔታዎች፣ ካሙና ማርሾቹ ይበላሉ። ከቃጠሎው የሚመጡት የናይትሮጅን ጋዞች ከውሃ ጋር ሲገናኙ ደግሞ አሲድ ይሆናሉ። በዘይቱ ውስጥ አሲዱን እንዲያረክሱ የተጨመሩት ኬሚካሎች እየተዋጉ ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝገት ይጀምራል፤ ዘይቱ ወፍሮ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩም ትንንሾቹን የዘይት መንገዶች ይዘጋል። ክዳን ላይ የታየ ቀጭን አረፋ በራሱ ሞተር አይገድልም፤ ለወራት ሳይተን የቆየ ውሃ ግን ይገድላል።

ሠልጣኝ፦ ክዳኑ ላይ አረፋ ሲገኝ ዘይቱ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም፤ ይህን መለየት የግድ ነው። አረፋው በክዳኑና በቱቦው ላይ ብቻ ሆኖ በመለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ጥርት ያለ ከሆነ ላብ ነው። ክዳኑ ይጠረጋል፤ ሞተር ብስክሌቱ ረዘም ያለ መንገድ ይነዳል፤ ተመልሶ ይታያል። ከመለኪያ ዘንጉ የሚወርደው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ውሃው በዝቷል፤ ያ ዘይት በመንዳት አይድንም፤ ይቀየራል። ጥርጣሬ ካለ ትንሽ ዘይት በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ተቀድቶ ያድራል፤ ያልተዋሐደው ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ጠብታ ዘይት በጣም በጋለ ብረት ላይ ሲደረግም ውሃ ያለበት ይንጣጣል፤ ንጹሑ ዝም ብሎ ይጨሳል። ይህን የሚሞክር ሰው ዓይኑን ይሸፍን፤ ቤንዚን ካለበትም ይራቅ።

በውሃ የሚቀዘቅዙት ሞተሮች ተጨማሪ ጥርጣሬ አለባቸው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም የውሃ ፓምፑ ማኅተም አልፎ የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የራዲያተሩ ውሃ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የማይቆም ከሆነ፣ ጉዳዩ የላብ አይደለም፤ ሞተሩ ቆሞ መታየት አለበት።

ሠልጣኝ፦ ከውጭ የሚገባ ውሃስ?

መምህር፦ በሁለት በኩል ይገባል። አንደኛው ላቫጆ ነው፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ወደ አየር ሳጥኑና ወደ ዘይት መሙያው ክዳን ከተላከ መንገድ አያጣም። ሁለተኛው ጎርፍና ወንዝ ነው። በረጅም መንገድ የጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተራል፤ የመተንፈሻው አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ አየር ሳይሆን ውሃ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ በሚሻገሩበት አገር የሚነዱ ሰዎች የቱቦውን አፍ ከፍ አድርገው ወደ መቀመጫው ሥር ያወጡታል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ወዲያው አይነሳም፤ መጀመሪያ ዘይቱና አየር ሳጥኑ ይታያሉ።

ሠልጣኝ፦ አሁን ወደ አየር ሳጥኑ የሚሄደው ቱቦ ድሮ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር ይባላል። ለምን ተለወጠ?

መምህር፦ አዎ፤ በአንዳንድ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች እንዲያውም ወደ ኋላ ሰንሰለት ተመርቶ ዘይቱ ሰንሰለቱን ያለሰልስ ነበር። የተለወጠው በአየር ብክለት ምክንያት ነው። በሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ ይታይ የነበረው ጭስ መሰል ጉም ከመኪና ጋዝ ጋር መያያዙ ሲታወቅ ከካርተር የሚወጣው ትነት ድርሻ እንዳለው ታየ፤ ከ1961 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮም በካሊፎርኒያ ለገበያ የቀረቡ መኪናዎች ይህን ትነት መልሰው እንዲያቃጥሉ ተደረገ። ሞተር ብስክሌቶችም በኋላ ተከተሉ። ዛሬ ትነቱ ወደ አየር ሳጥን ገብቶ ከአዲሱ አየር ጋር ተስቦ ይነዳል። ዘይቱና ውሃው ግን ሁሉም አይነዱም፤ በሳጥኑ ታች ይቀራሉ።

ለዚህ ነው ከብዙ አየር ሳጥኖች ሥር ጫፉ የተደፈነ አጭር ቱቦ የሚንጠለጠለው። የሆንዳ መመሪያዎች በግልጽ በሚያሳየው የቱቦው ክፍል ዝቃጭ ሲታይ ድፍኑ ተነቅሎ እንዲፈስ ያዛሉ፤ በዝናብ የሚነዳ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የሚሄድ፣ የታጠበ ወይም የወደቀ ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ እንዲታይ ይላሉ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ነጂዎች ግን ይህ ቱቦ መኖሩንም አያውቁም፤ ሳጥኑ ሞልቶ ማጣሪያውን እስኪያረጥብ ይቆያል።

ሠልጣኝ፦ አንዳንዶች ዘይቱ ሲያስቸግራቸው የመተንፈሻውን ቱቦ በብሎን ወይም በጨርቅ ይደፍኑታል። ጠብታው ይቆማል።

መምህር፦ ጠብታው ከአንድ ቦታ ይቆምና በአምስት ቦታ ይጀምራል። የሾለከው ጋዝ ስለማይቆም ግፊቱ በካርተሩ ውስጥ ያድጋል፤ ደካማ ቦታ ይፈልጋል። በማርሽ መቀየሪያው ዘንግ፣ በፊት ጥርሱ ማኅተም፣ በጎን ክዳኑ ጓርኒሲዮን ዘይት ያነባል። አንዳንዴ የመለኪያ ዘንጉ ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ትኩስ ዘይትም በነጂው እግርና በኋላ ጎማው ላይ ይፈስሳል። ዘይት የነካው ጎማ መታጠፊያ ላይ ሰው ይጥላል። መተንፈሻ መድፈን በምንም ምክንያት ትክክል አይሆንም፤ ይህን የሚመክር መካኒክ ቢኖር ምክሩ አይሰማ።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ሥርዓት አለ። ሞተር ከአንድ በላይ ቦታ በአንድ ጊዜ ዘይት ማንባት ከጀመረ፣ ጓርኒሲዮን ከመግዛት በፊት መተንፈሻው ይታያል። ተጣጥፎ፣ በመቀመጫው ሥር ተጨፍልቆ ወይም በደረቀ አረፋ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ተነቅሎ በንጹሕ ቤንዚን ይታጠባል፤ ይነፋል፤ ይደርቃል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ያ አረፋ በቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል፤ ውጤቱ ከመድፈን አይለይም።

ሠልጣኝ፦ ዘይቱን የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ በመሐል ቢገባስ?

መምህር፦ ያ ተገቢ መፍትሔ ነው፤ የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌቶችም ዘይት መንገዱ ላይ እንዳይፈስ ይህን ይይዛሉ። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሞተሩ የሚነሳው ቱቦ ስፋቱ መቀነስ የለበትም፤ በትንሽ ቱቦ መተካት ግማሽ መድፈን ነው። ቱቦው ከሞተሩ ተነስቶ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይውጣ፤ እንዲህ ሲሆን በግድግዳው የተያዘው ዘይት ተመልሶ ይወርዳል። በመሐል ተንጠልጥሎ ሆድ ካበጀ ውሃ እዚያ ይቋጠራል፤ አየሩንም ያግዳል። ዕቃው ሙቀት የሚችል ይሁን፤ ከማርሚታው ይራቅ፤ መግቢያውና መውጫው ፊት ለፊት አይሁኑ፤ በመካከላቸው አየሩን የሚያጥፍ ግድግዳ ወይም የማይዝግ ሽቦ መረብ ይግባ። መውጫው ወደ አየር ሳጥኑ ይመለስ፤ ወደ ሜዳ የተለቀቀ ትነት የከተማውን አየር ይበክላል። ታችኛው ክፍል ግልጽ ቢሆን ይመረጣል፤ የተጠራቀመው መጠን ይታያል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታይ ዕቃ ስለ ሞተሩ ብዙ ይናገራል፦ ውሃ ከበዛ መንገዱ አጭር ነው፤ ጥቁር ዘይት ከበዛ ልኩ፣ ቫልቩ ወይም ፋሻው ይመርመር።

ሠልጣኝ፦ የዘይት መቀየሪያው ጊዜስ በዚህ ይለወጣል?

መምህር፦ ይለወጣል። በመጽሐፉ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ለተለመደ አነዳድ ነው፤ በአጭር አጭር መንገድ ለሚነዳ ሞተር በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ በወራትም ይቆጠራል። ከክረምት መውጫ በኋላ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው፤ የዝናቡ ወራት እርጥበት አብሮ ይወጣል። ዘይቱ የሚቀየረው ሞተሩ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ውሃውና ዝቃጩ ከዘይቱ ጋር ተንሳፍፈው ስለሚገኙ አብረው ይፈስሳሉ። በቀዝቃዛ ሞተር የተቀየረ እንደሆነ ዝቃጩ ታች ይቀራል። ውፍረቱ መጽሐፉ የሚያዝዘው ይሁን፤ ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ለሚሠራበት ሞተር ደግሞ የሞተር ብስክሌት ዘይት ይገዛ፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ማታ የጋለ ሞተርን በላስቲክ መጠቅለልም አይገባም፤ ላቡ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አየር በሚያስገባ ሸራ ይሸፈን።

ሠልጣኝ፦ ከአየር ሳጥኑና ከማጠራቀሚያው የወጣው ቅልቅል ምን ይደረጋል? ዘይት ስላለበት ወደ ሞተሩ ቢመለስ?

መምህር፦ አይመለስም፤ ውሃ፣ አሲድና ቤንዚን አለበት። ቦይ ውስጥም አይደፋም፤ ቦዩ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ አትክልት የሚያጠጣ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። ከተቀየረው ዘይት ጋር በአንድ ጀሪካን ይጠራቀምና ታሽጎ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።